ደህናው እግር

የሥራ ባልደረቦቼ ከጀርባዬ «ስንጥር» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ታማሚ በገባ ቁጥር «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ማለት ስለማበዛ ያወጡልኝ ስም ነው። ይበሉ። በከተማ አውቶብስ ድርጅት ክሊኒክ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ሆኖ፣ «ወገቤ ተቆረጠ» እያለ ግድግዳ ተደግፎ ገብቶ የዕረፍት ወረቀቱን ሲቀበል ደረጃውን እየዘለለ የሚወርድ ሾፌር ያየ ሰው፣ ካልጠረጠረ ወይ ጻድቅ ነው ወይ ቂል። እኔ ከሁለቱም የለሁበትም።

የዚያን ቀን ጠዋት ገና ነጭ ጋዋኔን ሳልቆልፍ የስምሪት ኃላፊው ደወለ።

«አንድ ሾፌር ይመጣልሻል። ትናንት ከአውቶብሱ ሲወርድ እግሩ ታጥፎበት ዴፖው መሀል ተዘረጋ። ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ስለዚህ ሳይመረመር መሪ ላስይዘው አልችልም።»

«የትኛው እግሩ ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ሰው ሲወድቅ እግሩን ነው እንዴ የምናየው? እሱ ግራዬን ነው ብሏል። ግራ ከሆነ ደግሞ ችግር የለም። አየት አድርጊና ፈርሚለት፤ መስመሩ ሰው አጥቷል።»

ችግር የለም ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲሶቹ አውቶብሶች ማርሻቸውን ራሳቸው ናቸው የሚቀይሩት። በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የላቸውም። ግራ እግር ቁጭ ብሎ ይሄዳል፤ ነዳጁንም ፍሬኑንም የሚረግጠው ቀኙ ነው። ስለዚህ የድርጅቱ ደንብ ግራ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ላለው ሾፌር ምሕረት አለው። ቀኙ ወለም ያለው ግን እስኪድን መሪ አይነካም፤ ደጋግሞ የሚከዳው ከሆነ ደግሞ ከመሪው ይወርድና ወይ ትኬት ክፍል ወይ ጋራዥ ይመደባል። ሾፌሮች ይህን ደንብ ከመንገድ ምልክት አብልጠው ያውቁታል።

ስልኩን ሳስቀምጥ ባሌ ደወለ።

«ጋሼ አንቺ ጋ ሊመጣ ነው አሉ።»

ለካ ሾፌሩ ጋሼ ነው! የባሌ ታላቅ ወንድም።

«ይምጣ» አልኩት። «ምን አዲስ ነገር አለው?»

«አደራሽን፣ እንደ ሌባ እንዳታፋጥጪው። እኔ ሰው የሆንኩት በእሱ መሪ ነው። ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ እንጂ። አባታቸው ሲሞት ጋሼ ትምህርቱን ጥሎ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ፣ ቀጥሎ ሾፌር ሆነ፣ ትንሽ ወንድሙን አስተማረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለው ነገር ያ መሪ ብቻ ነው። በበዓል እንኳ ዕረፍት አይወስድም። «ቤት ምን አለኝ? እዚያ ቢያንስ ሰው ይሳፈራል» ይላል። ከዚህ ሰው ላይ መሪ መቀማት ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ገና ሳላየው ጠረጠርኩት። ከጎኔ ባለው ክፍል ዶክተሩ አለ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ «ደህና ነኝ» ያለውን ሁሉ ቀና ብሎ ሳያይ የሚፈርም ጥሩ ሰው። የሚገቡበትን በር የሚመርጡት ራሳቸው ሾፌሮቹ ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ እሱን የሚመርጡት ለዚሁ ነው። ጋሼ እሱን ትቶ ወደ እኔ የሚመጣው ምን ፈልጎ ነው? ዘመድ ናት፣ ፊቴን አይታ ትፈርማለች ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ገባ። የደንብ ልብሱ ተተኩሷል፣ ጢሙ ተከርክሟል፣ በግራ እግሩ ያነክሳል። ግራ ጫማው ተፈትቶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ እግር ይታያል። ፋሻው አዲስ ነው።

«እንደምን አደርሽ ሙሽሪት» አለ። ከባሌ ጋር ተጋብተን ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ ለእሱ ግን አሁንም ሙሽራ ነኝ። ፀጉሬ መሸበቱን አይቶ አያውቅም፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል።

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ይቀመጡ፤ እዚህ አልጋው ላይ። ምን ሆኑ?»

«ምንም። ትንሽ ወለም አለኝ። አሁን ድኛለሁ። ያቺን ወረቀት ፈርሚልኝና ልሂድ፤ አውቶብሷ ቆማ ትጠብቀኛለች።»

ፋሻውን ፈታሁ። ሥሩ ያለው ቁርጭምጭሚት እንደ ሕፃን ልጅ ጉልበት የጸዳ ነው። እብጠት የለም። መጥቆርም የለም። ደህና፣ አንዳንዴ አያብጥም። በአውራ ጣቴ ከውጪኛው ጉብ አጥንት ፊት ለፊት ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ ተጫንኳት።

እዚህ ላይ ሥራዬን ትንሽ ላስረዳ። ቁርጭምጭሚትን ሰው እንደ በር ማጠፊያ ያስበዋል። እውነቱን ለመናገር ከጎን የሚይዙት ጅማቶች ባይኖሩ እንደ ልቅ በር በየአቅጣጫው በወላለቀ ነበር። በውስጠኛው በኩል ያለው ጅማት እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ወፍራም ነው። እሱ ከመበጠሱ በፊት ብዙ ጊዜ አጥንቱ ይሰበራል። በውጪኛው በኩል ያሉት ግን ሦስት ቀጫጭኖች ናቸው፤ አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደ ተረከዝ፣ አንዱ ወደኋላ የሚሄዱ። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚቀደደው የፊተኛው ነው፤ የሦስቱ ደካማም እሱ ነው። ወለም አለኝ ከሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያለቅሱት በዚያ በጣት ስፋት ጅማት ነው። ያቺ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስጫን፣ ጅማቱ ከተጎዳ ሰው ከአልጋው ይነሳል።

ጋሼ ዝም ብሎ አየኝ። ጣቴን ካነሳሁ በኋላ ትዝ አለውና «እህ!» አለ።

ሕመም እንዲህ አይዘገይም። ሆን ብዬ ምንም ጅማት የሌለበትን የተረከዙን ዳር ተጫንኩት።

«እህህ!» አለ፣ አሁን በሰዓቱ።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ከዚያ ዋናውን ምርመራ አደረግሁ። በአንድ እጄ ቅልጥሙን ያዝኩ፣ በሌላው ተረከዙን ጨብጬ ወደፊት ሳብኩ። ጤነኛ ጅማት ትንሽ ይሄድልህና ቀጥ ብሎ ያቆምሃል፤ እንደተቆለፈ መሳቢያ ነው። የጋሼ ግራ እግር ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ተረከዙን ወደ ውስጥ አዘነበልኩት፣ አሁንም አቆመኝ። ቅልጥሙን ከላይ ጨመቅሁ፣ እግሩን ወደ ውጪ አዞርኩ፣ ምንም የለም። ይህ እግር ትናንት ቀርቶ አምናም ወለም ያለ እግር አይደለም።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ያልታመመ እግር ጠቅልሎ መምጣት ምን ማለት ነው?

የለመድኩት ዓይነት ውሸት ቢሆን ኖሮ ወዲያው በገባኝ ነበር። የእኔ ውሸታሞች ጤነኛ እግር ይዘው ይመጡና ዕረፍት ይጠይቃሉ። ይሄኛው ጤነኛ እግር ይዞ መጥቶ ታምሜ ነበር ይላል፤ የሚጠይቀው ግን ሥራ ነው። ዕረፍት ስጪኝ ቢል ደስ ባለኝ ነበር። የማላውቀው ውሸት ያስፈራኛል።

«ጋሼ፣ ቀኙንም ጫማ ያውልቁልኝ።»

«ደህናውን ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ሁሌም አያለሁ። የሰው ሰውነት አንድ አይደለም፤ በተፈጥሮው ልል የሆነ አለ፣ በተፈጥሮው ድርቅ ያለ አለ። ሰውን የምለካው በራሱ በደህናው እግር ነው።»

አንገቱን ደፋ። «ሙሽሪት፣ ተይኝ። ካልሲዬ ቀዳዳ ነው። ለራሴ ሳጥብ ሳጥብ ተረከዙ አለቀ። አንቺ ፊት ማውለቁ ያሳፍረኛል።»

እኔ ስንጥር፣ ሾፌሮች ደፍረው ቀና ብለው የማያዩኝ ሴት፣ ፊቴ ጋለ። ሚስት የሌለው ሰው፣ ባሌን ያሳደገ ሰው፣ ቀዳዳ ካልሲውን እንዲያሳየኝ ላስገድደው? ይሉኝታ ያዘኝ። «ይተዉት እሺ» አልኩ። በዚህ ክፍል ውስጥ ደህናውን እግር ሳላይ ያለፍኩት የመጀመሪያው ታማሚ የገዛ ባሌ ወንድም ሆነ።

ቅጹን አነሳሁ። «ግራ ቁርጭምጭሚት፣ ጅማቶቹ ጠንካራ» ብዬ ጻፍኩ። ፊርማው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ አልሄድ አለኝ።

«ማኅተሙ ታች ቢሮ ነው ያለው። ቀስ ብለው ይውረዱ፤ እኔ ይዤው እመጣለሁ» አልኩት።

ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እሱ ብቻ አይደለማ የሚዋሸው።

የእኔ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። መውጫው ከሕንጻው ውጪ የተሠራ የብረት ደረጃ ነው፤ ከመስኮቴ እስከ ታች ድረስ ይታያል። ውሸታሞቼን ሁሉ የያዝኩት በዚያ መስኮት ነው። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ቆምኩ።

ጋሼ በሩን ሲወጣ በግራው ያነክስ ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሲደርስ ብረቱን ጨበጠና ቀኝ እግሩን አስቀደመ። ቀኙን አወረደ፣ ግራውን አስከተለ። እንደገና ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። እስከ ታች ድረስ እንደዚያው።

ደረጃ የሚወርድ ሰው እግሩ አይዋሽም። ሲወረድ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ወደ ታች የተላከው እግር ሳይሆን ላይ የቀረው ነው። እሱ ነው ታጥፎ፣ ቁርጭምጭሚቱን አዘንብሎ፣ የሰውን ክብደት ይዞ ቀስ አድርጎ የሚያወርደው። ስለዚህ ሰው የማይተማመንበትን እግር ማንም ሳይነግረው አስቀድሞ ይልከዋል፤ የሚተማመንበትን ላይ ያስቀራል። ጋሼ የተማመነው በግራው ነው። በተጠቀለለው።

መስኮቱን ከፈትኩ።

«ጋሼ! ይመለሱ!»

በረንዳው ላይ የቆሙ ሾፌሮች ቀና አሉ። ጋሼም ቀና ብሎ አየኝ። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ኮፍያውን አስተካከለና ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ አሁን በግራው ማነከሱንም ትቶታል።

ገብቶ ሲቀመጥ በሩን ዘጋሁት። «ካልሲዋን» አልኩት።

የቀኝ ጫማው ማሰሪያ ጠብቆ፣ በላዩ ሌላ ቋጠሮ ተደርጎበት ነበር። ለመፍታት ታገለ። ጫማው ሲወልቅ የተረከዙ ውጪኛ ዳር ብቻውን ተበልቶ እንዳለቀ አየሁ። ከዚያ ካልሲው ወጣ።

ቀዳዳ አልነበረውም።

ከሥሩ ላስቲክ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ አለ፤ አርጅቶ ጠርዙ የተበጣጠሰ። ትናንት የወደቀ ሰው ትናንት የገዛው አይደለም። አወለቅሁት። ቆዳው ላይ የላስቲኩ ምልክት እንደ ቀለበት ተቀርጿል። ከውጪ በኩል ትንሽ እብጠት ብቻ ነው ያለው፤ አስቀድሞ የላላ ጅማት ብዙ የሚቀደድ ነገር ስለሌለው ብዙም አያብጥም። ቅልጥሙን ያዝኩ፣ ተረከዙን ጨበጥኩ፣ ሳብኩ።

ሄደ። የሚያቆመኝ ነገር እጠብቃለሁ፣ እሱ ግን መሄዱን ቀጠለ። ጉብ ካለው አጥንት ፊት ቆዳው ወደ ውስጥ ሰረጎደ። ተረከዙን ወደ ውስጥ ሳዘነብለውም እንደዚያው፤ የፊተኛው ብቻ ሳይሆን ወደ ተረከዝ የሚወርደውም ጅማት ልል ሆኗል።

«ያምማል?»

«አያምም። እውነቴን ነው፤ አያምም እኮ።»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያስፈራው። ይነሱ። በቀኝዎ ብቻ ይቁሙና ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው እንደ ሰከረ ሰው ተወዛወዘና ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው። ደግፌ አስቀመጥኩት። በግራው ሲሞክር እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። ጅማት ገመድ ብቻ አይደለም፤ ወሬ አቀባይም ነው። እግር የት እንዳለ፣ ወዴት እንዳዘነበለ ለጭንቅላት የሚናገረው እሱ ነው። ደጋግሞ ሲበጠስና ልል ሆኖ ሲጠግግ ወሬው ይዘገያል። አንዳንዴም የተሳሳተ ወሬ ይመጣል። የእርስዎ እግር የት እንዳለ አያውቅም። በዚህ እግር ነው ፍሬን የሚይዙት?»

ንዴቴ ገነፈለ።

«ትናንት ሰው ሁሉ እያየዎት ወደቁ። መውደቁን መደበቅ ሲያቅትዎ እግሩን ቀየሩት! ግራ ነው ብለው ደህናውን በአዲስ ፋሻ ጠቀለሉ፣ የታመመውን ካልሲ ውስጥ ደበቁ። እኔንም በቀዳዳ ካልሲ አሞኙኝ! የወንድሜ ሚስት ናት፣ ታፍራለች ብለው። አፈርኩልዎ! ፈርሜ ቢሆንስ? ያ አውቶብስ ሙሉ ሰው እኮ ነው የሚይዘው!»

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ባሌ ነው። ጋሼ ስሙን አየ፣ እኔም አየሁ፤ እስኪያቆም ጠበቅነው።

«ሰኞ ዕለት ነው» አለ ጋሼ፣ የራሱን ባዶ እግር እያየ። «ትምህርት ቤቱ ጋ ካለው ፌርማታ። ሰው አይቻለሁ፣ ፍጥነቴን ቀንሻለሁ፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው። እረግጣለሁ፣ አትቆምም። እረግጣለሁ፣ አትቆምም። ዝቅ ብዬ ሳይ እግሬ ፍሬኑ ላይ የለም፤ በጎኑ ታጥፎ ወለሉን ነው የሚረግጠው። ፍሬኑ ላይ ያለ መስሎኝ፣ ሙሽሪት። አንዲት ሴትዮ አንድ እግሯን ከእግረኛው መንገድ አውርዳ ነበር። ሕፃን አቅፋለች።»

«እና?»

«በእጅ ፍሬን ያዝኳት። ፌርማታውን አልፌ ቆምኩ። ሴትዮዋ ዝም ብላ ገባች፤ እንዲያውም ሰላም አለችኝ። ከኋላ ያሉት ‹እንቅልፋም› ብለው ሰደቡኝ። ከዚያ በቀር ማንም ምንም አላወቀም።»

ሰኞ። ከዚያም በኋላ እስከ ትናንት ነድቷል። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ይድናል» አልኩት፣ ራሴንም ባስገረመኝ ለስላሳ ድምፅ። «ልምምድ አለው። ሚዛን ጣውላው ላይ እናቆመዋለን፣ ዙሪያውን ያሉትን ጡንቻዎች እናጠነክራለን፣ እግሩ ወሬ ማቀበሉን እንደገና ይማራል። ካልሆነም የላላውን ጅማት በቀዶ ሕክምና የሚያጠብቁ አሉ። ግን ወራት ይፈልጋል። እስከዚያ መሪ የለም። ከዚያም በኋላ ይመልሱዎት አይመልሱዎት እኔ ቃል አልገባም።»

«አውቃለሁ» አለ።

ቅጹን ሳብኩ። የጻፍኩትን ሰርዤ «ቀኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ፣ ከመሪ እንዲታገድ ብዬ ፈረምኩ። ማኅተሙን ከመሳቢያዬ አውጥቼ መታሁት። ጋሼ ማኅተሙን አየ፤ ጢሙ ሥር ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ካልሲውን ሲያጠልቅ አንድ ነገር ብቻ አልለቀኝ አለ። መጠርጠር እንደሆነ አመሌ ነው፣ እስከ መጨረሻው ካልሄድኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዶክተሩ ጠዋቱን ሙሉ ከጎን ክፍል ነበር። ሁለቱንም እግር አያይም። አንድም ጫማ አያስወልቅም። ድኛለሁ ብለው ቢገቡ ኖሮ ይሄኔ መሪ ላይ ነበሩ። ለምን ወደ እኔ መጡ?»

ጋሼ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና አላለም።

«በአፌ ልናገረው ሞከርኩ፤ አልወጣ አለኝ። ስምሪት ክፍሉ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ዶክተሩ ጋ ገብቼ ልዋሽ ደግሞ…» ማሰሪያውን ሳበ፤ አልጠበቀለትም፣ ለቀቀው። «እሱ እኮ ያምነኛል፣ ሙሽሪት።»

ተንበርክኬ ጫማውን አሰርኩለት።